አባቴን ያስነሣቸው ስቴሮይዱ ነው፤ ታዲያ ኬሞው ለምን?

ጥያቄ፦ «አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መልቲፕል ማይሎማ የተባለ የደም ካንሰር ተገኝቶባቸው ሜልፋላንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉትን ክኒኖች አንድ ዓመት ያህል ወሰዱ፤ በሽታው ጠፋ ተባልን። መድኃኒቱን ካቆሙ ከሃያ ወር በኋላ የወገብ ሕመሙ ተመለሰ። ሄሞግሎቢናቸው 8.4፣ ክሬአቲኒናቸው 1.9 ሆኗል። አንድ ሐኪም በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር እንዲጀምሩ መከሩን። ገንዘብ ስናፈላልግ ሌላ ሐኪም ዴክሳሜታሶን በቀን 40 ሚሊግራም ለአራት ቀናት አዘዙላቸው። በሦስተኛው ቀን አባቴ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ። አሁን ‹መድኃኒቴን አግኝቻለሁ፣ ኬሞ የሚባል አልፈልግም› ይላሉ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ‹ስቴሮይድ የካንሰር መድኃኒት አይደለም፣ አጥንታቸውን ይጨርሰዋል፣ አቁሙትና አዲሱን ኢሚውኖቴራፒ ጠይቁ› ይላል። ሕመሙ ሲጠናባቸው ዲክሎፌናክ ይወጋሉ። ከኬሞና ከስቴሮይድ የቱ ይሻላል?» (ከደሴ)

መልስ፦ እንደ ዋዛ ከጠቀሱት ከዲክሎፌናኩ ልጀምር። ዛሬውኑ ይቁም። ማይሎማ የሚያመርተው ፕሮቲን የኩላሊትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ የአባትዎ ክሬአቲኒን 1.9 መድረሱም ኩላሊታቸው መጎዳቱን ይናገራል። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ወደዚያው ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ከዴክሳሜታሶን ጋር ሲሆኑ ደግሞ ጨጓራን ያደማሉ። ለሕመማቸው ፓራሲታሞል፣ ካልበቃ ትራማዶል ወይም ሞርፊን በሐኪም መጠን ይሰጣቸው። የልብ ችግር ከሌለባቸውና ሐኪማቸው ካልከለከሉ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውኃ ይጠጡ። ብዙ ሰው ሞርፊንን ይፈራል፤ የማይሎማን ኩላሊት በአንድ ሳምንት ሲያወድም ያየሁት ግን የሕመም ማስታገሻ መርፌን ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አባትዎም ወንድምዎም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ወንድምዎ ስቴሮይድ የካንሰር መድኃኒት አይደለም ማለታቸው ስሕተት ነው። ስቴሮይድ የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸከማል፦ ስፖርተኞች ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወስዱት አለ፣ ለአስምና ለአለርጂ በትንሽ መጠን የሚታዘዝ አለ፣ በኬሞቴራፒ ዕለት ማቅለሽለሽን ለመከላከል የሚሰጥ አለ። ዴክሳሜታሶን በማይሎማ ላይ የሚሠራው ሥራ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ማይሎማ የሚነሣው መቅኔ ውስጥ ካሉት ፕላዝማ ሕዋሳት ነው፤ እነሱም የሊምፍ ሕዋሳት ዘሮች ናቸው። ይህ የሕዋስ ቤተሰብ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ሲደርስበት ራሱን በራሱ ያጠፋል። በሊምፎማና በአኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ሕክምና ውስጥም ስቴሮይድ ዋና ቦታ ያለው ለዚህ ነው። በአኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ኃይል የለውም። ስለዚህ «ለደም ካንሰር ስቴሮይድ ይጠቅማል ወይ» ተብሎ በጥቅሉ ሲጠየቅ መልስ የለውም፤ የየትኛው ደም ካንሰር መሆኑ መታወቅ አለበት። ለአባትዎ ዓይነት ይጠቅማል።

የአባትዎ ስሕተት ሌላ ነው። በሦስት ቀን ተነሥተው መሄዳቸውን የፈውስ ምልክት አድርገው ወሰዱት። ዴክሳሜታሶን በአጥንት ዙሪያ ያለውን እብጠትና ቁጣ ያበርዳል፣ ከፍ ያለ ካልሲየም ካለ ያወርዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ስሜትንም ያነቃቃል። ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ እንኳ ደስተኛ ይሆናል። ይህ ሁሉ ካንሰሩ በግማሽ ባይቀንስም ይመጣል። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድካሙና ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስ አላየሁም ካሉ፣ ገና አላዩትም ማለት ነው። መድኃኒቱ ካንሰሩን መምታቱ የሚታወቀው በደም ውስጥ ባለው የማይሎማ ፕሮቲን መጠን ነው። ያ ምርመራ ከአራቱ ቀናት በፊት ተሠርቶ ከነበረ ጥሩ፤ ካልተሠራ አሁኑኑ ይሠራ፤ አለበለዚያ ሁላችንም የምንከራከረው በወገብ ሕመም ላይ ብቻ ነው።

አሁን የቱ ይሻላል ወደሚለው። ጥያቄው እንደ ሁለት ተቀናቃኝ ቢቀርብም ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። አባትዎ ራሳቸው በመጀመሪያው ዙር የወሰዱት ሜልፋላን ኬሞቴራፒ፣ ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው፤ ይህ ጥምረት ሜልፋላንን ብቻውን ከመስጠት እንደሚሻል የታወቀው በ1969 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ)። ስለዚህ «ኬሞ የሚባል አልፈልግም» የሚሉት አባት አንድ ዓመት ሙሉ ኬሞ ወስደው፣ ሃያ ወር ያህል ያለ መድኃኒት በደኅና የኖሩት በእሱ ነው። ክኒን ስለነበረ ማንም ኬሞ ብሎ አልነገራቸው ይሆናል። ይህን ብቻ ቁጭ ብለው ቢያስረዷቸው ግማሹ ፍርሃት የሚጠፋ ይመስለኛል።

ትክክለኛው ጥያቄ፣ በሽታው ሲያገረሽ ስቴሮይድ ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለው ነው። ይህ ተፈትኗል፣ ደጋግሞም። በ1986 የታተመ፣ በአሜሪካ ሂዩስተን የተሠራ ጥናት ከፍተኛ መጠን ያለው ዴክሳሜታሶንን ብቻውንና ቪንክሪስቲንና ዶክሶሩቢሲን ከተባሉ ኬሞዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። መጀመሪያውኑ ለሕክምና እምቢ ባለ ማይሎማ ላይ ሁለቱ መንገዶች እምብዛም አልተለያዩም። በሽታው ታክሞ ባገረሸባቸው ሰዎች ላይ ግን በዴክሳሜታሶን ብቻ መልስ የሰጡት (ማለትም ካንሰራቸው በሚገባ የቀነሰላቸው) 21 ከመቶ፣ በጥምረቱ 65 ከመቶ ነበሩ። በ2005 ደግሞ 669 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ቦርቴዞሚብ የተባለውን በመርፌ የሚሰጥ የማይሎማ መድኃኒት ከዴክሳሜታሶን ጋር አወዳደረ፤ ዴክሳሜታሶን ብቻውን የሠራው በ18 ከመቶው፣ ቦርቴዞሚብ በ38 ከመቶው ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 66 ከመቶ እና 80 ከመቶ ናቸው። በ2007 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ደግሞ ሌናሊዶሚድ የተባለ የማይሎማ ክኒን በዴክሳሜታሶን ላይ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አሳዩ፤ በዴክሳሜታሶን ብቻ መልስ የሰጡት 20 እና 24 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ በጥምረቱ 60 ከመቶ ገደማ ሆኑ። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜም ከ4.7 ወር ወደ 11 ወር ገደማ አደገ።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ከሃያ ዓመት በላይ ያልተነቃነቀ ነገር ይታያል፦ ላገረሸ ማይሎማ ዴክሳሜታሶን ብቻውን የሚሠራው ከአምስት ሰው በአንዱ ላይ ነው። የሠራለትም ሰው ጥቂት ወራት ነው የሚያገኘው። ሌላ መድኃኒት በተጨመረበት ወይም በተተካበት ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። አባትዎ ከአምስቱ አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኩላሊታቸው እየተጎዳ ባለበት ሰዓት ግን ይህን ዕጣ ማውጣት አልመክርም።

ወንድምዎ ስለሚሉት ኢሚውኖቴራፒም (የሰውነትን የመከላከል ኃይል በካንሰሩ ላይ ስለሚያነሣሣው ሕክምና) አንድ ነገር ላስተካክል። ምናልባት የሚያስቡት ዳራቱሙማብን ይሆናል፤ በአሜሪካ ከ2015 ጀምሮ የተፈቀደ፣ በእርግጥም ብርቱ መድኃኒት ነው። በ2016 የታተመ ጥናት በቦርቴዞሚብና በዴክሳሜታሶን ላይ ዳራቱሙማብ ሲጨመር በአንድ ዓመት ውስጥ በሽታው ያልተባባሰባቸው ከ26.9 ከመቶ ወደ 60.7 ከመቶ ከፍ እንዳሉ አሳይቷል። ልብ ይበሉ፦ ዴክሳሜታሶን እዚያም አለ። ቨርጂኒያ ያለ የማይሎማ ሐኪምም አዲሱን መድኃኒት ሲያዝ በአብዛኛው ይህንኑ ርካሽ ክኒን ከጎኑ ያዛል። ወንድምዎ «አቁሙት» ያሉት መድኃኒት እሳቸው በሚመኙት ሕክምና ውስጥም ያለ ነው። ዳራቱሙማብን መግዛትና ያለማቋረጥ መቀጠል የሚችል አቅም ካላችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ነገር ግን በሻንጣ ይዞ መምጣት ይቻላል ብላችሁ አታስቡ፤ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በመንገድ ከሞቀ ገንዘባችሁ ውኃ ነው። ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ በገንዘብ እጥረት ከሚቋረጥ ውድ መድኃኒት ይልቅ ሳይቋረጥ የሚቀጥል መካከለኛ መድኃኒት እመርጣለሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

ስቴሮይድ አጥንት ይጨርሳል የሚለውስ? ለዓመታት በየቀኑ የሚወሰድ ስቴሮይድ አጥንትን ማሳሳቱ እውነት ነው። በአሁኑ ሰዓት የአባትዎን አጥንት እየበላ ያለው ግን ማይሎማው ነው፤ እሱን የሚገታ ነገር ሁሉ ለአጥንት ይበጃል። ለአጥንቱ ለብቻው ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። መጠኑ በኩላሊታቸው ልክ መቀነስ አለበት፤ ከመጀመሩ በፊትም ጥርሳቸው ይታይ፤ የሚነቀል ጥርስ ካለ ቀድሞ ይነቀል፤ በኋላ ከሆነ የመንጋጋ አጥንት ሊጎዳ ይችላል።

መጠኑን በተመለከተ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በሰዎች ዘንድ «አራት ቀን እንዲህ ካደረገ ስምንት ቀን ምን ያደርግ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በ2010 የታተመ ጥናት ይህን መልሶታል። አዲስ የታወቀ ማይሎማ ያለባቸው 445 ሰዎች ሌናሊዶሚድ ሲወስዱ ለገሚሶቹ ዴክሳሜታሶን በአራት በአራት ቀን ዙር በወር 480 ሚሊግራም፣ ለገሚሶቹ በሳምንት አንድ ቀን 40 ሚሊግራም፣ በወር 160 ተሰጣቸው። ብዙ የወሰዱት ካንሰራቸው የበለጠ ቀነሰ፤ የበለጠ የሞቱትም እነሱ ናቸው። በአንድ ዓመት በሕይወት የቆዩት 87 ከመቶ ሲሆኑ ጥቂት የወሰዱት 96 ከመቶ ነበሩ። ዛሬ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ የተለመደው በሳምንት አንድ ቀን 40 ሚሊግራም ነው፤ ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ወይም ለደከሙ ሰዎች 20። ክኒኑ የሚመጣበት መጠን ስለሚለያይ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ 40 ሚሊግራም በባለ 4 ሚሊግራም አሥር ክኒን፣ በባለ 0.5 ሚሊግራም ግን ሰማንያ ክኒን ነው። መድኃኒት ቤት ዴክሳሜታሶን ሲያልቅበት ፕሬድኒሶሎን በተመሳሳይ ቁጥር ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ 40 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን 260 ሚሊግራም ከሚያልፍ ፕሬድኒሶሎን ጋር ነው የሚመጣጠነው።

የስቴሮይድ አደጋዎች በመጻሕፍት ረጅም ዝርዝር አላቸው። እኔ ለአባትዎ የምፈራላቸውን ልንገርዎ። የመጀመሪያው የተደበቀ ቲቢ ነው፤ የደረት ራጅ ሳይነሣ፣ ሳልና ላብ ሳይጠየቅ ተደጋጋሚ ስቴሮይድ አይቀጠልም። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ተኝቶ የቆየው ቫይረስ በስቴሮይድና በኬሞ ሊነቃ ስለሚችል በደም ይመርመር፤ ኤች አይ ቪም አብሮ። ሦስተኛው ብዙ ሐኪም የሚረሳው ስትሮንጂሎይድስ የተባለ የአንጀት ትል ነው። በባዶ እግሩ አርሶ ያደገ ሰው ይህን ትል ምንም ሳያውቀው ለአሥርተ ዓመታት ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ሲወስድ ትሉ በሰውነቱ ሁሉ ይሰራጭና ሊገድለው ይችላል። አንድ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋልና ገጠር ላደገ ሰው አይቨርሜክቲን አስቀድሞ ስለመስጠት ሐኪሙን ይጠይቁ። አራተኛው ስኳር ነው፤ መድኃኒቱን በወሰዱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ይለካ፤ በጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ መለካት ያታልላል። ስቴሮይድ ትኩሳትንም ስለሚሸፍን 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ሰውነታቸው ከተንቀጠቀጠ እስከ ነገ አይቆዩ።

አባትዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ከሆኑ ጿሚም ሳይሆኑ አይቀሩም። ዴክሳሜታሶን በጠዋት ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሲያስቆጥር ያድራል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ከተጾመበት ደግሞ ጨጓራን ይፈጃል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ ቀን ይምረጡ፤ በዐቢይ ጾም ግን የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። የታመመ ሰው ጾም ነገር ለእነሱ አዲስ አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ። በሽታው ደም ማነስና የኩላሊት ጉዳት አስከትሎ ስላገረሸ ሕክምና አሁን ያስፈልጋቸዋል፤ ዴክሳሜታሶን ብቻውን እንደ ዋና ሕክምና አይያዝ። የመጀመሪያ ምርጫዬ የፊተኛው ሐኪም ያሉት ነው፦ ቦርቴዞሚብ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር፣ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው የኬሞ ክኒን በሳምንት አንድ ቀን፣ ዴክሳሜታሶን በሳምንት አንድ ቀን። ቦርቴዞሚብ በተለመደው የኬሞቴራፒ ትርጉም ኬሞ አይደለም፤ ፀጉር አይነቅልም፣ ለኩላሊት ሲባልም መጠኑ አይቀነስም፤ ለዚህ ሰው የመረጥኩት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በሌሎች ፋብሪካዎች የሚመረተው አቻ መድኃኒት ከመጀመሪያው አምራች በብዙ ይረክሳል፤ ከታወቀ መድኃኒት ቤት ከነደረሰኙ እንጂ ከግለሰብ እጅ አይግዙ። ሁለት ነገር ይጠብቁ፦ አልማዝ ባለጭራን ያስነሣልና አሲክሎቪር የተባለ የቫይረስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ፤ የእግር ጣቶች መደንዘዝና ማቃጠል ከጀመረ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ መጠኑ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ዝም ተብሎ ከታለፈ ግን ሳይለቅ ሊቀር የሚችል ሥቃይ ነው።

ቦርቴዞሚብ ካልተቻለ ሳይክሎፎስፋማይድና ዴክሳሜታሶን በሳምንታዊ መጠን፣ የነርቭ ችግር ከሌለም ታሊዶሚድ በትንሹ ታክሎ። ታሊዶሚድ ደም ያረጋል፤ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ቤት ውስጥ ልትፀንስ የምትችል ሴት ካለች ክኒኑን በእጇም እንዳትነካው ይቆለፍበት። ወደ ሜልፋላን መመለስ ይቻላል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ሃያ ወር ስለቆየላቸው ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን በተጎዳ ኩላሊት መቅኔን አብዝቶ ይጨቁናል፣ ሲደጋገምም ሌላ ሉኪሚያ ሊያመጣ ይችላል። ሦስተኛ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

ስቴሮይድ ብቻውን የምሰጥበት ጊዜ የለም አልልም። እግራቸው ከዛለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው አከርካሪው ነርቭን ተጭኗል ማለት ሊሆን ስለሚችል ዴክሳሜታሶን በዚያችው ሰዓት ይጀመርና ለኤምአርአይና ለጨረር ሕክምና በፍጥነት ይላካሉ። ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሲወድቅ፣ ሌላው መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ እንደ መሸጋገሪያ ይሰጣል። ከአልጋ መነሣት ያቃተውና ሌላ ምንም የማይችል ሰውም በእሱ ብቻ ሕመሙ ሊቀልለት ይችላል። ሁለተኛው ሐኪም ያደረጉት መሸጋገሪያ ከሆነ ትክክል ሠርተዋል፤ ሊወቀሱ አይገባም። ችግሩ መሸጋገሪያው መድረሻ ተደርጎ መወሰዱ ነው።

ከማንኛቸውም አማራጮች ማይሎማን ጨርሶ የሚነቅል ፈውስ አይጠብቁ። ያገረሸ በሽታ ይገታል፣ ይተኛል፣ ከጊዜ በኋላም ይመለሳል፤ ሁለተኛው የዕረፍት ጊዜ ከመጀመሪያው ማጠሩም የተለመደ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የማይሎማው ፕሮቲን ይለካ። በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ይቀጥሉ፤ የቀነሰው ከሩብ በታች ከሆነ ወይም ጭራሽ ከጨመረ፣ አባትዎ ቢሮጡም እንኳ መድኃኒቱ ይለወጥ። ዕድሜያቸውም ምክንያት አይሆንም። 66 ዓመት ለዚህ ሕክምና እርጅና አይደለም፤ ሁለተኛው ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ ወይ የሚለው ከልደት ቀናቸው ይልቅ ይነግረኛል።

የሚቀጥለው አራት ቀን ከመጀመሩ በፊት ማይሎማ ፕሮቲኑን፣ ካልሲየሙን፣ ክሬአቲኒኑን፣ ሙሉ የደም ቆጠራውን፣ የደረት ራጁንና የሄፓታይተስ ቢ ውጤቱን ይዘው ወደ መጀመሪያው ሐኪም ይመለሱ። የሜልፋላኑን ዘመን ወረቀቶችም ጨምሩ፤ ምን ያህል እንደወሰዱና ፕሮቲኑ እስከ ስንት ወርዶ እንደነበር ሳያውቅ የሚያዝ ሐኪም በጨለማ ነው የሚያዝዝ። ወንድምዎ መርዳት ከፈለጉ ደግሞ የስምንት ወር የቦርቴዞሚብ ወጪ ምን ያህል እንደሆነ ከሆስፒታሉ ጠይቀው ይላኩላቸው፤ ከአንዱ ወር ወጪ ጋር ሳይሆን ከስምንቱ ጋር።